ከሁላችን ቀድሞ ያፈጠረው ዳልቻ

የኔ ሰይድ፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

ከተለየኸን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ዒዱን ትናንት አከበርን። ቤቱ በእንግዳ ተጨናንቆ ውሎ ዛሬ ገና ጸጥ አለ። ወሬዬን ለማን ላውራ ብዬ ሳስብ ያው አንተው መጣህብኝ። ደግሞ የምነግርህ የሐዘን ወሬ አይደለም። ድል አድርገናል፣ ሰይድዬ! ያ አንተን የወሰደብኝ የስኳር በሽታ ዳግመኛ ወደ ቤታችን መጥቶ ነበር፤ ባዶ እጁን መለስነው።

የያዘው ዳልቻን ነው። አዎ፣ ድመትህን። አትሳቅብኝ።

አርባህ ወጥቶ ሰደቃው እንዳለፈ ዳልቻ ውሃ ማብዛት ጀመረ። ከሳህኑ ጠጥቶ አይበቃውም፤ ከሶላት በፊት ለምታጠብበት ውዱእ ያስቀመጥኩት ውሃ ውስጥ አፉን ይከታል። ያለማቋረጥ ይበላል፣ ጀርባው ግን አጥንት በአጥንት ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ ጌታው ሞቶበት ነው፣ ሐዘን ነው፣ ይለቀዋል አለኝ። እኔም አምኜ ነበር። ፍራሹ ላይ አንተ በምትተኛበት በኩል ተጋድሞ ሲውል ያየ ሌላ ምን ይላል? አንጀቴን ስለበላኝ፣ አንተ ታደርገው እንደነበረው ዳቦ በሻይ እያራስኩ አበላው ጀመር። ያንተ ሻይ ያለ ስኳር ከሆነ ወዲህ የስኳር ድርሻህን ለእሱ ታሳልፍ አልነበር? እኔም ሐዘኑን ላስረሳው ብዬ ስኳሩን ጨመር አደረግሁለት። ሳላውቅ በሽታውን ነበር የምቀልበው።

አንድ ጠዋት ጓሮ የሸናበት ድንጋይ ላይ ጉንዳን ሰልፍ ሠርቶ አየሁ። ያንተም በሽታ መጀመሪያ የታወቀው በዚሁ አይደል? ያኔ ጉንዳኑን አይተን ተሳስቀን ነበር፣ ምን እንደሆነ መች አወቅን። አሁን ግን አውቃለሁ። በቀጥታ ገብቼ ያንተን የብርጭቆ ቱቦ ከሣጥን አወጣሁ። ሽንትህ ስኳር እንዳለው የምንመረምርበት ሰማያዊው ፈሳሽም ከነጠርሙሱ ተርፎ ነበር። የድመት ሽንት እንዴት ተገኘ በለኝ። የሚሸናበትን አመድ ደፍቼ ከቦርከና ወንዝ የመጣ የታጠበ ጠጠር አደረግሁለት፤ ዕቃውንም አዘንብዬ ከሥሩ አጠራቀምኩ። ፈሳሹ ላይ ጠብ ጠብ አድርጌ ከሰል ላይ ያዝኩት። አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ የሸክላ ቀለም ይዞ ቁጭ አለ። ያንን ቀለም ስንት ጠዋት አብረን እንዳየነው ታውቃለህ። ቱቦውን እንደያዝኩ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሳበቃ ፊቴን ታጥቤ ድመቱን ቅርጫት ውስጥ ከተትኩና በአውቶቡስ ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ የከብት ሐኪም ዘንድ። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስንወርድ ዳልቻ አውቶቡሱን በጩኸት አናወጠው። አጠገቤ የተቀመጡት ወደ ደጋን የሚሄዱ ሽማግሌ ዶሮ መስሏቸው ኖሮ፣ ቅርጫቱን ገለጥ አድርገው አዩና «ያ ረቢ! ድመት ታሞ ሐኪም ጋ ሲሄድ ለማየት ነው ያቆየኸኝ?» አሉ። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አንተን ከቀበርኩ ወዲህ ከልቤ የሳቅሁት ያን ዕለት መሆኑ ነው።

ሐኪሙ የበሬና የበግ ሰው ነው፣ ድመት ይዞለት የመጣ አያውቅም። ቢሆንም አልናቀኝም። መረመረው፣ መጽሐፉን ገለጠ፣ ያልኩትንም አረጋገጠልኝ። ዳቦውንም ሻዩንም አስተወኝ፤ ሥጋና ጉበት ብቻ፣ ጠዋትና ማታ ደግሞ ከሰው መርፌ እጅግ ያነሰች ኢንሱሊን። ሳይበላ እንዳትወጊው ብሎ ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ። ከዚያ ልቤን ከፍ ያደረገውን ነገር ነገረኝ፦ ድመት እንደ ሰው አይደለም፣ ቶሎ ከተያዘ አንዳንዴ በሽታው ጭራሽ ይለቀዋል። ካልታከመ ግን ብዙ አይቆይም።

ወሬው ሰፈራችን ሳይውል ሳያድር ደረሰ። በቀበሌው ሱቅ ስኳር በራሽን በሚታደልበት ዘመን ከእኛ ቤት ተርፎ ድመት ይዟል ተባለ። ሰልፍ ላይ ቆሜ ድርሻሽን ለማን ትወስጃለሽ እያሉ ሲቀልዱብኝ ዋሉ። እኔም ከዳልቻ ጋር እንዲነጋገሩ ነገርኳቸው።

የከፋው የእህትህ ነገር ነበር። እቴቴ ዘይነብ ብቻዬን እንዳልሆን ብለው ከሐርቡ መጥተው አብረውኝ ነው ያሉት። መርፌውን ቀቅዬ ስወጣ ባዩኝ ጊዜ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «አንቺ ልጅ፣ ወላሂ አብደሻል! ሰው ያጣውን መድኃኒት ለድመት?» አሉኝ። ያልተከፈቱትን ጠርሙሶች አንተ ያረፍክ ሰሞን ለሆስፒታል ማስረከቤን፣ የተከፈተችውን ግን አንቀበልም ብለው እንደመለሱልኝ ነገርኳቸው። እርጥብ አሸዋ ውስጥ በቀበርናት ገንቦ እንደተቀመጠች ነበረች። እሳቸው ግን አልረኩም። ይልቅ ሰኞ ገበያ ሥጋ ቤቶቹ ጋ ጣዪው፣ ቀኑ ከደረሰ እዚያው ይሙት አሉ። ያን ጊዜ ቱግ አልኩ። ስኳር ከዚህ ቤት አንድ ሰው ወስዶብኛል እቴቴ፣ ሌላ ነፍስ አልሰጠውም አልኳቸው። ታላቄ ናቸው፣ እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። ከዚያ ወዲያ እስከ ረመዳን ዳልቻን ዞር ብለው አላዩትም።

እጄ መርፌውን አልረሳውም። ዓይንህ ከደከመ ወዲህ የምወጋህ እኔ አልነበርኩ? አንተ ሁልጊዜ ከመወጋትህ በፊት ጣራ ጣራውን እያየህ ቀልድ ትጀምር ነበር፣ እንዳልፈራ። እኔም ለዳልቻ ያንተን ቀልዶች እየነገርኩ ወጋሁት። አንገቱ ሥር ቆዳውን ከፍ አድርጌ ነው፤ ጉበቱን እየላሰ ስለሆነ ልብ አይለውም። ከወር ወር የቱቦው ቀለም ከሸክላ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫም ወደ አረንጓዴ ሄደ። ጀርባው ሞላ። ፀጉሩ አማረ። የጎረቤትን ዶሮ ማባረር በጀመረ ጊዜ ክስ ሲመጣብኝ ይቅርታ እየጠየቅሁ በሆዴ እልል አልኩ።

ከዚያ ያ የመጀመሪያው ረመዳን ገባ። መቼም የእኛ ቤት ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚሳሳተው። ቀን እሳት አይነድም፣ ድስት አይጣድም፤ ስለዚህ የዳልቻን ጉበት ሳይነጋ ከምንበላው ከሱሁራችን ጋር አብሬ ቀቅዬ በዚያው አበላው ጀመር። መርፌውን ግን እንደ ልማዴ አረፋፍጄ ነበር የምወጋው። ሳላውቀው ድመቱን አስጹሜዋለሁ! መድኃኒቱ ባዶ ሆድ ላይ ይወርዳል።

አንድ ቀን የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ሰግጄ ስነሳ ዳልቻ ከመደቡ ሊወርድ ሲል እግሮቹ ከዱት። ወደቀ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ፈጠጠ። እኔ መስገጃዬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። እቴቴ ዘይነብ ግን ተስፈንጥረው ተነሡ። «ይሄማ የሰይድ ነው! ወንድሜ እንዲህ ነበር የሚሆነው! ስኳሩ ወርዶበታል፣ ተምር አምጪ!» ብለው ጮኹብኝ። ለኢፍጣር ያቀረብኩትን ተምር ሳቀብላቸው አኝከው ሊያለሰልሱት ወደ አፋቸው አስጠጉና ጾማቸው ትዝ አላቸው። መለስ አድርገው መዳፋቸው ላይ በውሃ ፈተጉት፣ የዳልቻን መንጋጋ ከፍተው ድዱን አሹት። እየቀቡት «አብሽር የኔ ልጅ፣ አብሽር» ይሉት ነበር፣ ያንን ሰኞ ገበያ ይጣል ያሉትን ድመት። ቆየት ብሎ ምላሱን አወጣና ጣታቸውን ላሰ። እቴቴ እንባቸውን በተምር በተለወሰ እጃቸው ጠረጉ። ፀሐይ ጠልቃ ማግሪብ ሲደርስ እኛም አፈጠርን፤ ያን ቀን ከሁላችን ቀድሞ ያፈጠረው ግን ዳልቻ ነው።

ኮምቦልቻ ስወስደው ሐኪሙ ስለ ምግቡ ሰዓት ተቆጣኝና ሽንቱን መርምሮ ፈገግ አለ። የገዛ ሰውነቱ ሥራውን እየጀመረ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒቱ የበዛበት በዚያም ጭምር ነው አለኝ። ቀነስን። እያየን እንደገና ቀነስን። በመጨረሻም መርፌውን ተውነው። በተውነው ሰሞን እቴቴ ምድጃው ጎን ተቀምጠው ቱቦውን እኔ ያዝኩ። ፈሳሹ ፈላ፣ ተንተከተከ፣ እኛም ጠበቅን። አልተለወጠም። ሰማያዊ ነበር፣ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ሰይድዬ፣ በእኛ ዘመን ያንን ቀለም አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ ሆኖ ሲቀር አላየነውም ነበር። እቴቴ እልልታቸውን አቀለጡት፤ ጎረቤት ልጅ የተወለደ መስሎት ሮጦ መጣ። እኔም ዳልቻን ታቅፌ የሞትከው አንተ ስለሆንክ አልቅሼ፣ የዳነው እሱ ስለሆነ ደግሞ ሳቅሁ።

ይኸው ዓመቱ ዞረ፣ አሁንም ሰማያዊ ነው። ሊመለስ ይችላል ስለተባልኩ በየጁምዓው እመረምረዋለሁ። ቱቦህ ታጥቦ መስኮቱ ላይ ነው፣ መርፌህም ተቀቅሎ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ከመጣ ተዘጋጅተን ያገኘናል።

ዘንድሮ በመጀመሪያው ኢፍጣር እቴቴ ዘይነብ አንዷን ተምር ለይተው ዳልቻ ፊት አኖሩለት። አሸተታት፣ ንቆ ጅራቱን አቁሞ ወጣ። ከእንግዲህ አያስፈልገኝም ማለቱ ነው ብዬ ወሰድኩት። ተምሯን አንስቼ ቢስሚላህ ብዬ ጾሜን በእሷ ፈታሁ፣ ዱዓዬንም ላንተ አደረግሁ። በሕይወት እስካለሁ የየረመዳኑ የመጀመሪያዋ ተምሬ እንዲሁ ያንተ ናት። አንተ የተከለከልከውን ጣፋጭ በስምህ እቀምስልሃለሁ።

ያንተው ከድጃ