ማሽኑ እንዲደግመው የጻፍኩት

ጥቅምት 7 ቀን 1982
ከበደሳ ለግብርና ቢሯችን ሌላ ጥቅል ቅጽ መጣ። የገበሬው ስም፣ ቦታው፣ የዘራው። ያለችን ኮምፒዩተር አንዲት ናት፤ ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት ረዲያ። ተይበን ስንጨርስ በየመስመሩ መጀመሪያ የቦታውን ቁጥር ማስገባት... ወደ መስመሩ ራስ መመለስ፣ ቁጥር፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ወደ ታች። እንደገና። እንደገና። እቤት ገብቼም ጣቴ ጠረጴዛው ላይ ያንኑ ይመታል።

ጥቅምት 10
ምሳ ሰዓት ከኮምፒዩተሩ ጋር የመጣውን መጽሐፍ አነበብኩ። እንግሊዝኛ ነው፤ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አለ። የመጻፊያው ፕሮግራም ትእዛዝ ከተጻፈለት የሚደጋገመውን ሥራ ራሱ ይሠራል ይላል። እውነት? ደግሜ አነበብኩት። ታዲያ እኛ እስከ ዛሬ ምን ስናደርግ ነበር?
"ዲሲ፣ ይተዉት እትዬ ሰርኬ፣ ዓይንዎን ያጠፋሉ" አለች ረዲያ፣ ኦሮምኛ ቀላቅላ።

ጥቅምት 17
ትእዛዙን ጻፍኩ። ማሽኑ ፈጸመው። ግን ለሁሉም መስመር የበደሳን ቁጥር ሰጠ፤ ለመሰላውም፣ ለአሰቦቱም።
ረዲያ ስክሪኑን አየችና አፏን በሻሿ ሸፈነች። "ወላሂ እትዬ፣ የአሰቦትን መነኮሳት በደሳ አሰፈሯቸው። ካድሬዎቹ እንኳ እንዲህ አልፈጠኑም።"
ዝም በይ አልኳት፣ እኔም እየሳቅኩ።
ስህተቱ የኔ ነው። መጀመሪያ የቦታውን ስም እንዲያይ አላዘዝኩትም።

ጥቅምት 21
ሠራ። ስሙን ያያል፣ የየቦታውን ቁጥር ይሰጣል፣ መጨረሻው ላይ ይቆማል። የሳምንት ሥራ ረዲያ ሻይዋን ሳትጨርስ አለቀ። የቢሮው ኃላፊ አቶ አያና ከኋላችን ቆሞ ሲያይ ነበር። አመሰገነኝ። ደስ አለኝ... ሞኝ።

ጥቅምት 23
አያና ጠራኝ።
"ወይዘሮ ሰርክአዲስ፣ እንግዲህ አንድ ሰው ይበቃል። ረዲያ በኅዳር መጨረሻ ትሰናበታለች።"
"እሷ ምን አጠፋች?"
"ምንም። ሥራውን የጨረሱባት እርስዎ ነዎት።"
እናቷና ትናንሽ እህቶቿ የሚኖሩት በእሷ ነው።
ባሌ ብሩ የታመመ ጊዜ ድሬዳዋ ሐኪም ቤት ላድርሰው ብዬ ፈቃድ ጠየቅኩ። የዚያን ጊዜው አለቃ አይሆንም አለ። እሺ ብዬ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ከጎረቤት ጋር ላክሁት፤ ሬሳው ተመለሰ። ያቺን እሺ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። አሁን ደግሞ?

ጥቅምት 24
አያና ገና ሳይቀመጥ ገባሁ።
"ረዲያ ከወጣች ትእዛዙን አጠፋዋለሁ።"
"የቢሮው ንብረት ነው።"
"የቢሮው ንብረት ኮምፒዩተሩ ነው። ይኼን በምሳ ሰዓቴ ነው የጻፍኩት።"
"ያስፈራሩኛል?"
"እየነገርኩዎት ነው።"
ሳቀ። ሄጄ አጠፋሁት። ፍሎፒ ዲስኩ ላይ ያስቀመጥኩትን ቅጂም።

ኅዳር 1
ወደ ጣታችን ተመለስን። የመሰላው ቅጽ እስከ መስኮቱ ተቆልሏል። ከአዲስ አበባ ሪፖርቱ የታለ እያሉ ይደውላሉ። አያና መጽሐፉን ወስዶ ራሱ ሲሞክር ዋለ... መልሶ አስቀመጠው።

ኅዳር 5
"ይሁን፣ ረዲያ ትቆይ። ትእዛዙን ይመልሱልኝ።"
"በወረቀት ይስጡኝ። ማኅተም ያለበት።"
"አያምኑኝም?"
"አላምንዎትም።"
ሰጠኝ። እልሁን ለመወጣት ደግሞ እኔን ከሰኞ ጀምሮ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወረኝ። ያዛውር።
ትእዛዙን በእጄ አልጻፍኩትም። ረዲያን ኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጥኳት፤ እሷ ጻፈችው። በየመስመሩ "ይኼስ ለምንድነው?" ትላለች፣ እነግራታለሁ። አንድ ቦታ ላይ "እንዲህ ቢሆን አያጥርም?" አለች። አጠረ።

ኅዳር 20
ግምጃ ቤት። ማዳበሪያ፣ የዘር ከረጢት፣ አቧራ... አያና መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። የቡናው ቅጽ መጥቷል፣ አሞላሉ ሌላ ነው፣ አዲስ ትእዛዝ ይጻፉልን አለኝ።
"ረዲያን ይጠይቋት።"
"እሷ ትችላለች?"
"ትናንት ጨርሳዋለች። ስላልጠየቋት ነው ያልነገረችዎት።"
በሩን ተደገፈ። "ይህን ነገር ለስንት ሰው ሊያስተምሩ ነው?"
"ለጠየቀኝ ሁሉ። ለእርስዎም፣ ከጠየቁኝ።"