የተገለበጠ ለቅሶ

ውድ ፍሥሐ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ብዬ ነው እንጂ አፌ ላይ የመጣው ሌላ ቃል ነበር። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፤ ለፍሥሐ ነው አልኳት። «ውድ ልጄ በይው» አለችኝ። እንግዲህ ግማሹን ተቀብያታለሁ።

እኛ አለን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ያው የስፌት መኪናዬ ላይ ነኝ። ጉሙም እንደ ድሮው ከሰዓት በኋላ ከገደሉ ሥር ይወጣና ከተማችንን ጎረቤላን ይውጣታል። ያንተን ደኅንነት መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም፤ ከደብረ ብርሃን በሚመጣው ሚኒባስ ሁሉ ውስጥ ትጮኻለህ። ከደብረ ሲና ዕቃ የሚያመጡልን ሾፌሮች ሳይቀሩ አንተን እያፏጩ ነው የሚያራግፉት።

ስልክህን ቀይረሃል። ከዘፈንህ ሥር በተጻፈው ቁጥር ብደውል አንድ ሰውዬ አነሣውና «ለሠርግ ነው ለኮንሰርት?» አለኝ። «ለለቅሶ ነው» አልኩት። ሳቀ። ቀልድ መስሎታል። ዜማው የእናቴ እንደሆነ፣ ማንንም ሳታስፈቅዱ እንደወሰዳችሁት ነገርኩት። «እህቴ፣ የሕዝብ ዜማ እኮ ነው፤ የሕዝብ ነገር ደግሞ ባለቤት የለውም። ጥያቄ ካለሽ በጽሑፍ አቅርቢ» ብሎ ዘጋብኝ። ይኸው አቀረብኩ። ሕዝብ ሲባል ማንም የለም ማለት መሰላችሁ እንዴ? ሕዝቡ እናቴ ናት። አልታየች ትባላለች። ስንት ቀን እንጀራዋን በልተሃል!

ሰውዬው አያውቅም ልበል። አንተ ግን ታውቃለህ፤ እዚያው ነበርክ።

ወንድሜ ወልዴ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ወሬው የጠፋ ጊዜ፣ ከመዘዞ አብሮት የሄደው ጓደኛው ተመልሶ መጥቶ የነገረንን አብረን ነው የሰማነው። «በረሃው ላይ እግሩ ከዳው፤ እኛ ሄድን፣ እሱ ቀረ» አለ። ሞተ አላለም። ቀረ ነው ያለው። ዓመት ጠበቅን። ከዚያ አባ ገብረአማኑኤል «በቃ ልጆቼ፣ እርሙን አውጡለት፤ ነፍሱንም አታስጨንቋት» አሉንና ድንኳን ተጣለ። አስከሬን የለ፣ ሣጥን የለ፤ ጋቢውንና ፎቶውን ከመሐል አኑረን አለቀስን። እናቴ ያን ቀን ያወረደችውን ዜማ ከዚያ በፊት ማንም አልሰማውም። ከየት እንዳመጣችው እሷም አታውቅም።

በረሃ የገባ ልጄን ማን መለሰው፣
ከንፈሩ ሲደርቅ ማን ውሃ አቀመሰው።

አልቃሾቹ ተቀበሏት፤ አገር ደረቱን መታ። አንተም ስልክህን ወደ ላይ ይዘህ ነበር። ምን እያደረግክ እንደሆነ ስጠይቅህ «ለማስታወሻ ነው፣ እናትነሽ» አልከኝ። ሐሰት አልናገርም፣ እንባህ እየወረደ ነበር። አብራችሁ ያደጋችሁ፣ አንድ ጋቢ ለብሳችሁ ቅኔ ማሕሌት ያደራችሁ ልጆች ናችሁ፤ ካንተ በላይ ማን ያልቅስለት ብዬ ተውኩህ።

ወልዴ መቃብር የለውም፣ ፍሥሐ። ሌላው ሰው ልጁ ሲናፍቀው ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ድንጋዩን ይዳስሳል። እናቴ በየሙት ዓመቱ ያቺን ዜማ ታወርዳለች፤ ያቺው ነች መቃብሩ። አንተ መቃብሩን ቆፍረህ ወሰድክ። ክራር ጨመርክበት፣ ዱብ ዱብ የሚለውን ነገር ጨመርክበት፣ ሴቶች አሰልፈህ «እሰይ መጣ መጣ» አስባልክበት።

በረሃ ያቋረጠ ልጁን ማን መለሰው፣
ከንፈሩ ሲስቅ ማን ማር አቀመሰው።

እሱ ውሃ አጥቶ በቀረበት አፍ ማር! በቁስላችን እንጨት ሰደድክበት። የደብረ ብርሃን ዘመዶቻችን «ክሰሱት» አሉ። እኔ ግን ክስ ለማቅረብ አይደለም የምጽፍልህ። ነገሩ ከዚያ የባሰ ነው።

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ከጦርነቱ የተመለሰበትን ቀን አትረሳውም መቼም። ሞቷል ተብሎ እርሙ ወጥቶ፣ ሚስቱ ከል ለብሳ፣ ተዝካሩ ተበልቶ ካበቃ በኋላ ከምርኮ ተፈትቶ በእግሩ ደጁ ላይ ቆመ። አሮጊቶቹ ምን አሉ? «የተለቀሰበት ሰው ለቅሶው ካልተገለበጠለት ዕድሜ አይኖረውም።» ያለቀሱለት ሴቶች ሁሉ ተጠሩ። ያንኑ ሙሾ፣ ያንኑ ዜማ፣ በጭብጨባና በእልልታ እየጨፈሩ መለሱለት። እናቴ ነበረች ከፊት የምታወጣው። እኔ፣ አንተና ወልዴ ልጆች ነበርን፤ እግራችን እስኪቃጠል ዘለልን። በእኛ አገር ለቅሶ ወደ ጭፈራ የሚዞረው በዚህ ብቻ ነው፤ ሞተ የተባለ ሰው ሲመጣ። ያለዚያ ማንም አይነካውም፤ ሟርት ነው።

ስቱዲዮ ስትገባ ይኼ ትዝ አላለህም? አዲስ አበባ ይህን ያህል ታስረሳለች?

ባለፈው ጥር የጎረቤታችንን የወልደአረጋይን ልጅ ዳርን። እማዬ ከሏን እንደለበሰች ዳሱ ውስጥ ከአሮጊቶቹ ጋር ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ያንተን ዘፈን እስከዚያ ቀን አልሰማችውም፤ እኔ ነኝ የከለከልኳት። ሚኒባስ አላሳፍራት፣ ገበያ አልልካት፣ ቤት ያለውን ሬዲዮ «ተበላሽቷል» ብዬ ደብቄባት ነበር። ዲጄው ከደብረ ብርሃን የመጣ ነው፤ በምን ይወቅ። ለቀቀው። ወጣቱ ሁሉ ብድግ አለ። የሚያውቁት ሴቶች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አንዷ «ኧረ አጥፉት! ኧረ በሥላሴ!» ብላ ጮኸች፤ ማን ይስማት። እኔ የያዝኩትን ሳህን ሰው ላይ ደፍቼ እየተጋፋሁ ወደ እማዬ ስሄድ እሷ ተነሣች።

የምትወድቅ መስሎኝ ነበር። እልል አለች።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መሐል ገባች፣ ፍሥሐ። ትከሻዋ እንደዚያ ሲመታ ወልዴ ከሄደ ወዲህ አላየሁም። እንባዋ ይወርዳል፣ ጥርሷ ይስቃል። እጄን ይዛ «ሰማሽ? እናትነሽ፣ ሰማሽ? ወልዴ ተገኘ! ለቅሶውን ገለበጡለት!» አለችኝ። ሙሽራዋ ሳትቀር አለቀሰች። ወጣቶቹ የጨዋታው ድምቀት መስሏቸው ክብ ሠርተው አጨበጨቡላት።

በማግስቱ ከሏን አውልቃ አቃጠለችው። ብቅል አበቀለች፣ ጌሾ ወቀጠች። ከዚያ አባ ገብረአማኑኤል ቤት ሄዳ «የልጄን ስም ከሙታን ጸሎት ያውጡልኝ፤ በቁሙ ፍትሐት እየደገምንበት ነው» አለቻቸው። አባ እያነከሱ ቤታችን ድረስ መጡ። «ልጄ፣ ይኼ እኮ ዘፈን ነው፤ የዓለም ጨዋታ ነው» ቢሏት፣ «አባቴ፣ እርስዎ ቀበሩት? አስከሬኑን አይተዋል?» አለቻቸው። መስቀላቸውን አሳልመዋት ወጡ። ዘንድሮ ለወልዴ ሙት ዓመት አልተደረገለትም።

እኔም መቼም አፌን አልያዝኩም፤ ታውቀኛለህ። «እማዬ፣ ፍሥሐ ሰርቆ ነው። ዜማሽን ወስዶ ለጭፈራ አደረገው። ወልዴን የተመለከተ ነገር የለውም» አልኳት። ምን እንዳለችኝ ልንገርህ፤ ይህን ብቻ እንኳ ብታነብልኝ ይበቃኛል። «ፍሥሐ በወልዴ ሞት ሊጨፍር? ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? እዚህ እኮ ነው ያደገ! ሰው ነው፣ አውሬ አይደለም። የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው እንጂ ፍሥሐ ይህን አያደርግም» አለችኝ። ይኸውልህ። ወይ ወንድሜ በሕይወት አለ፣ ወይ አንተ አውሬ ነህ። እሷ አንተን አውሬ ማለት አቃታት።

ማሩንም ፈታችው። «ውሃ አጣ ብዬ ነበር ያለቀስኩት፤ ማር አቀመሱት ብሎ መለሰልኝ። ደግ ሰው እጅ ወድቋል ማለት ነው» ትላለች። ፍሥሐ ለምን በቀጥታ አልነገረንም ስላት፣ «የተሰደደ ሰው ስንት ጣጣ አለበት፤ ወረቀት አይኖረውም፣ አሳዳጅ አለው። በዘፈን ነዋ የሚነገር» አለችኝ። አንተ ያላሰብክበትን ቃል ሁሉ እሷ አስባበታለች።

አሁን በየቀኑ መንገድ ዳር ትቀመጣለች። ሚኒባሱ ሲቆም የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ታያለች፤ የመጨረሻው ሲወርድ ደግሞ አጎንብሳ ውስጡን ታያለች። ጉሙ ሲወርድባት፣ ብርዱ ሲሰብራት አትነሣም። ሳል ይዟታል። ሴቶቹ በፊት ይመክሯት ነበር፤ አሁን መንገድ ይቀይራሉ። እድር ላይ የአንድ ሰው ለቅሶ ስንደርስ አልቃሽዋ የዚያችን ዜማ አካሄድ ጀመረችና፣ ከድንኳኑ ጀርባ የቆሙ ጎረምሶች ትከሻ ነቅነቅ ሲል አየሁ። ወደው አይደለም፤ ለምዶባቸው ነው። ዛሬ ወልዴን እንደገና እናልቅስለት ብንል እንኳ በምን እናልቅስለት?

ስለዚህ የምለምንህ ይህን ነው። ገንዘብህ ይቅር። ስሟንም በዘፈኑ ላይ አትጻፍ፤ ምን ያደርግላታል። ና። ከፋሲካ በፊት አንኮበር ና። ማንንም አትፍራ፤ እሷም እኔም አንጮህብህም፣ አንረግምህምም። ከፊቷ ተቀመጥና በራስህ አፍ «እትዬ አልታየች፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ ዘፈን ነው የሠራሁት» በላት። እኔን አታምነኝም፣ አባን አታምናቸውም። የምታምነው አንተን ብቻ ነው። ታለቅሳለች፤ ታልቅስ። ሰው ልጁን ሁለቴ ሊቀብር አይገባውም ነበር፤ ግን በየቀኑ ከመቅበር ሁለቴ ይሻላል።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ልጨርሰው ነበር ሐሳቤ። የመጣሁበትንም ጽፌ አብቅቻለሁ። ግን የትናንቱን ሳልነግርህ ባሸግኩት ውሸታም እሆናለሁ።

ትናንት እማዬ ነጭ ጨርቅ ይዛልኝ መጣች። «ለወልዴ ሸሚዝ ስፊለት፤ ልኩን ታውቂዋለሽ» አለችኝ። እምቢ ማለት ደከመኝ። እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። ልኩን በእርግጥ አውቀዋለሁ፣ የልጅነቱንም የጉርምስናውንም ልብስ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ቆረጥኩ። እጅጌውን ገጠምኩ። ጨርሼ ስዘረጋው ምን እንዳደረግኩ አየሁ፤ ትከሻውን አስፍቼዋለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ስድስት ዓመት አለፈ፣ ወንድ ልጅ በዚህ ዕድሜው ይሰፋል ብላ እጄ በገዛ ሐሳቧ ነው ያሰፋችው። ሸሚዙን ፊቴ ላይ አድርጌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እናቴን አበደች ስል ከርሜ!

ፍሥሐ፣ ወልዴ መጨረሻ የደወለው ላንተ ነው። የመዘዞው ልጅም ቀረ እንጂ ሞተ አላለም። እስቲ ልጠይቅህ፤ እንደ ድሮው እንደ እህትህ ነው የምጠይቅህ፤ ያወራሁብህን ሁሉ ተወው። የሰማኸው ነገር አለ? ከአንድ ሰው ቢሆን፣ በወሬ ቢሆን፣ በሌላ ስም ቢሆን? «መጣ» ያልከው እንዲያው ለዜማው እንዲሞላልህ ነው፣ ወይስ የሆነ ነገር ሰምተህ ነው?

ሰምተህ ከሆነ አንዲት ቃል ጻፍልኝ። «አዎ» ብቻ ብትለኝ ይበቃኛል።

ካልሰማህ ግን መልስ አትላክልኝ። ና ያልኩህንም ተወው። አትምጣ።

የወልዴ እህት፣
እናትነሽ
አንኮበር