ከጓሳ አፋፍ የሚነፍሰው ነፋስ

ውድ ባለቤቴ የሺ፣

ከተለየሽኝ ሰባት ክረምት ሞላ። ዝናቡ ሄዷል፤ ገብሱ እየታጨደ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አመዳዩ የጓሮውን ሣር አመድ የተነሰነሰበት ያስመስለዋል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ያማርራል።

ልጃችን ሙሉነሽ ማድቤቱን ከመኖሪያው ለይታ ሠርታዋለች፤ ጭስ ማውጫም አበጅታለታለች። ከተማችን መሐል ሜዳ መብራት ገብቶላታል፤ ዛሬ መጥቶ ነገ ስለሚጠፋ ግን ኩበቱ አልቀረም። ቤቱ በዝቷል፤ ጭሱም በዚያው ልክ በዝቷል። ምክንያቱን በሕይወት ሳለሽ ደጋግሜ አስረድቼሻለሁ፦ በበጋ ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ይከብድና ታች ይተኛል፤ ሞቃቱ ከላይ እንደ ክዳን ይገጠምበታል፤ ጭሱ መውጫ ያጣል። አንቺ በነጠላሽ ጫፍ አፍሽን ይዘሽ እያሳልሽ «አስተማሪው፣ እሱንማ ሳንባዬ ነግሮኛል» ትዪኝ ነበር።

ያ ሳንባሽ ነበር በየዓመቱ ኅዳር ሲታጠን ከእኔ የሚወስድሽ። ከተማው ሁሉ የጓሮውን ቆሻሻ ጠርጎ በየደጁ ሊያቃጥል ሲሰናዳ፣ አንቺ በዋዜማው ጋቢሽን ደርበሽ ጓሳ አፋፍ ወዳለው የትውልድ ደብርሽ ትወጫለሽ። ጭሱ እስኪሰክን እዚያው ትሰነብቻለሽ። ስትመለሺ ሳሉ የለም፤ ፊትሽ ወዝቶ አዲስ ሙሽራ መስለሻል። ሙሉነሽ እልል ትላለች። እኔ የእግርሽን ውኃ እያሞቅኩ በቅናት እቃጠላለሁ።

ሌላው ባል በሰው ይቀናል፤ እኔ በአየር ቀናሁ። በአየር ብቻ ቢሆን ደግሞ ምንኛ በቀለለኝ! በዚያ ደብር ቅጥር ውስጥ ደምሴ ተቀብሯል፤ ከእኔ በፊት ያገባሽው፣ በተጋባችሁ በሁለተኛው ክረምት በጎቹን ከጓሳ ሲመልስ መብረቅ የመታው ደምሴ። ስለ እሱ የነገርሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ቤት ሲመጣ ፉጨቱ ከሩቅ ይሰማ ነበር አልሽ። የከፋውም አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ብዙ ብታወሪልኝ በተከራከርኩሽ ነበር። እኔን አርጅቼ፣ መነጽሬን ጥዬ ስፈልግ፣ በጉልበቴ ስነጫነጭ አየሽኝ። እሱ ግን ዛሬም ወጣት ነው፤ ዛሬም ያፏጫል። አንድ ቀን ሰው በሌለበት ፉጨት ሞከርኩ። የወጣው ባዶ ትንፋሽ ነው።

አብረን እንሂድ ብለሽኝ አታውቂም። እኔም አልጠየቅሁሽ። ኢሕአዴግ በገባ በዓመቱ ጡረታ ወጥቼ፣ ትምህርት ቤት አለብኝ የምልበት ሰበብ ካለቀ በኋላም አልጠየቅሁሽም።

በመጨረሻ «እዚያ ላይ ቅበሩኝ፤ አየር አለው» ስትዪ ቃልሽን ፈጸምኩ። አየር ማለትሽን ግን አላመንኩም። ለሞተ ሰው አየር ምን ያደርግለታል? ስለዚህ የሰባት ዓመት ተዝካርሽ ሲቃረብ ዐፅምሽን አፍልሼ፣ እኔ ወደምቀበርበት የመሐል ሜዳ ደብር ላመጣሽ ቆረጥኩ። ሙሉነሽ «አባዬ፣ የእማዬን ቃል ልታፈርስ ነው?» ብላ አኮረፈችኝ። አልሰማኋትም።

የደብሩን አስተዳዳሪ ላነጋግር በቅሎ ተውሼ የወጣሁት ሌላ ቀን የጠፋ ይመስል ኅዳር ሲታጠን ማለዳ ነው። በየደጁ እሳት እየተለኮሰ ነበር። እስከ ዳገቱ ወገብ ደረቴ እንደታፈነ ሄድኩ። አፋፉ ላይ ዞር ብዬ ባይ መሐል ሜዳ የለችም። ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ ቤታችን፣ ላመጣሽ ያሰብኩበት ደብር፣ ሁሉም ከግራጫው ክዳን በታች ነው። ዕድሜ ልኬን ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሣልኩትን ክዳን ከላይ ሆኜ አይቼው አላውቅም ነበር። ነፋሱ ከምሥራቅ፣ ከገደሉ ሥር ሽቅብ እየመጣ ሣሩን ያስተኛዋል። ተነፈስኩ። እስከ ታች ገባልኝ። ያኔ አመንኩሽ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ቅናት ያዘኝ፤ ያን ሁሉ ዓመት ይህን ለብቻሽ!

ደብሩ ስደርስ አስተዳዳሪው ቄስ፣ ጉዳዬን አስቀድሜ ልኬባቸው ነበርና፣ «መምህር፣ ታዲያ ዐፅሟን መቼ ይወስዳሉ?» አሉኝ። እኔ መቃብርሽን እያየሁ ነበር። ደምሴ ከራስጌሽ በምዕራብ በኩል ነው፤ ቅርብ ነው፤ በጣም ቅርብ።

«እሷ እዚሁ ትቆይ፤ ለእኔ በምሥራቅ በኩል ቦታ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«እግሯ ሥር እኮ ነው፣ መምህር!» ብለው ሳቁ።

«ይሁን» አልኩ።

ለእሳቸው ያልነገርኳቸውን ለአንቺ ልንገርሽ። ነፋሱ ከምሥራቅ ነው የሚመጣው። እኔን ነክቶ ወደ አንቺ ያልፋል፤ ደምሴ የሚያገኘው ከሁለታችን የተረፈውን ነው። በክረምት አቅጣጫው እንደሚዞር አልዘነጋሁም። ክረምቱን ትቼለታለሁ፤ የሞተበት ነው። በጋው ግን የእኔ ነው።

እስከዚያው፣ የሺዬ፣ ዓይኔ እስካየ ድረስ አልረሳሽም። በየዓመቱ በኅዳር ሲታጠን ዋዜማ ጋቢሽን ደርቤ እወጣለሁ፤ ብትጠሪኝም ባትጠሪኝም። መምጣቴን ከሩቅ ታውቂዋለሽ፤ ፉጨቱን እየተለማመድኩ ነው።

ያንቺው አስተማሪ