ማን እንደሆነች ሳልጠይቅ ያነሳሁት ሰሌን

ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ጉልበትሽ ዝናብ ሲመጣ ዛሬም ይነዘንዝሻል? የሰሌኑን ቅጠል በዓይንሽ እያየሽ ነው የምትሠሪው ወይስ በጣትሽ እየዳሰስሽ? ከቤታችን ጀርባ ያለው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ከአውሎ ነፋሱ በኋላ አገገመ? ቤተሰቡስ፣ ጎረቤቱስ፣ ሁሉም ደህና ነው? እኛ ኦክላንድ ያለነው ሁላችንም በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም። ደብዳቤው ረጅም ነውና የሚያነብልሽ ሰው ይታገሠኝ።

እንደምታውቂው ልጅሽ ማላኪ በመስከረም አርባ ዓመት ይሞላዋል። የዓለምን የከባድ ሚዛን የቡጢ ቀበቶ ዘጠኝ ጊዜ አስጠብቋል። አሥረኛው ተጋጣሚ ማን ይሁን የሚለው ጉዳይ ቤታችንን ማመስ ከጀመረ ወር አልፎታል፤ ውሉ የሚፈረመው ደግሞ በዚህ ሳምንት ሰኞ ነበር። ከዚያ ስምንት ቀን በፊት በነበረው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጎደሬውና የቆርቆሮ ሥጋው ከጠረጴዛ ሳይነሳ ክርክሩ ጦፈ።

ወንድሜ ኢዮአኔ፣ ማላኪ እንግሊዙን ዊትኮምን ካልገጠመ ሞቼ እገኛለሁ አለ። "ሽማግሌ ነው እኮ! እንደ ቁም ሳጥን ተገትሮ ነው የሚመታው። ማላኪ እያፏጨ ይጥለዋል" ሲል፣ አጎቴ ፔኒአሚና ሹካቸውን አስቀመጡና "ወንድምህ ስንት ዓመቱ ነውና ሌላውን ሽማግሌ ትላለህ? ሰው ሁለት ጡረተኛ ሲተቃቀፍ ለማየት ነው ትኬት የሚቆርጠው?" አሉት። አንዱ ግራኙን ፖላንዳዊ አነሳ፤ ማላኪ ግራኝ ሲገጥመው እግሩ ይተሳሰራል ተብሎ ወደቀ። በመጨረሻ የሲአኦሲ ስም መጣ። የፖሪሩዋ ከተማ ልጅ ነው፣ የእኛው ሳሞአዊ፤ ዕድሜው ሃያ ሦስት፤ ሃያ አንድ ጊዜ ተጋጥሞ አንድም አልተሸነፈም። አጎቴ ከዚህ ልጅ ከሸሸን አገር ይስቅብናል አሉ። ማላኪ አቀርቅሮ ሲበላ ቆየና "ሲአኦሲ ይሁን" አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ከገበያ ስመለስ በግቢያችን ሣር ላይ አንድ ሰው የክብር ሰሌን ተከናንቦ፣ በዚያ ዶፍ ዝናብ ተንበርክኮ አየሁ። እማዬ፣ ሰው እንዲህ የሚንበረከከው ነፍስ ከጠፋ ወይም ቤተሰብ ከተዋረደ በኋላ እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። በኋላ እንደሰማሁት ወንዶቹ በር ላይ ሆነው ሰሌኑን አንስተን ይቅርታውን እንቀበል አንቀበል እያሉ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጨቃጨቁ ነበር። እኔ ከደጅ የቆመውን መኪናም፣ ውስጡ የተቀመጠውን ልጅም አላስተዋልኩም። ያየሁት ከሰሌኑ ሥር የወጡትን ያበጡ የአሮጊት እግሮች ብቻ ነው። የአንቺን እግር መሰሉኝ። የያዝኩትን ጥዬ፣ ማን እንደሆነች ሳልጠይቅ ሰሌኑን አነሳሁት። ኢዮአኔ "ፉአቲኖ፣ ተይው! አትንኪው!" እያለ ሲሮጥ ደረሰ፤ ግን ነገሩ አልፎ ነበር።

ሴትዮዋ ቴኡይላ ትባላለች፤ የሲአኦሲ እናት ናት፤ መኪናው ውስጥ የነበረውም እሱ ነው። ውኃው ከፀጉሯ እየተንጠባጠበ እንዲህ አለች፦ "ልጄ ክፉ አይደለም፤ እጁ ግን ልክ አያውቅም። አምና የመታው ሰው ዛሬም የገዛ ልጆቹን ስም አያስታውስም። የእናንተን ልጅ የሚያዝያውን ግጥሚያ አይቼዋለሁ፤ ግራ እጁ ይወርድበታል። የሚሆነው ከሆነ በኋላ ፊታችሁን የማይበት ዓይን የለኝም። ይቅርታውን ቀድሜ ልለምን መጣሁ።"

ክው አልኩ። ላልተሠራ ጥፋት ይቅርታ ሲጠየቅ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ኢዮአኔ "ወንድሜ በቁሙ እያለ ለቅሶ ደረሱን እኮ!" ብሎ ጮኸ። አጎቴ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና "ሰሌኑ ተነስቷል። ሰሌን ከተነሳ ደግሞ ነገሩ ተዘጋ፤ ከእንግዲህ በሁለቱ ቤቶች መካከል እጅ አይነሳም" አሉ። "አጎቴ፣ ይሄ እኮ ስፖርት ነው! ከደም ጋር ምን አገናኘው?" አላቸው ኢዮአኔ። "ስፖርት ከሆነ እሷ ዝናብ ላይ ምን ትሠራለች?" አሉት። ታዲያ ሴትዮዋ ገና ደረቅ ልብስ እንኳ ሳትለብስ ኢዮአኔ "እንግዲያው ዊትኮምን እናድርገዋ!" አይል መሰለሽ! ክርክሩ እንደ አዲስ ተቀጣጠለ።

ማላኪ ፎጣ አምጥቶ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላትና "ማንንም አታድርጉ" አለ። ግራ እጁን ዘረጋ፤ ሊጨብጠው ሞከረ። ሁለት ጣቶቹ እንደ እንጨት ቀጥ ብለው ቀሩ። "ከየካቲት ጀምሮ እንዲህ ነው" አለን።

እማዬ፣ ወንድም የእህቱን ቃል እንዳይጥስ አድርገሽ ያሳደግሽን አንቺ ነሽ። ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በፊት እጁን በፋሻ የምጠቀልልለት ደግሞ እኔ ነኝ። ወደ እኔ ዞሮ በቀስታ "በሚያዝያ ስትጠቀልይው 'ተው፣ ይብቃህ' እስክትዪኝ ጠበቅኩሽ። ብትዪኝ እተው ነበር። ምነው ዝም አልሽ?" አለኝ።

ለእሱ ያልመለስኩትን ለአንቺ ልመልስ። አይቼ ነበር። ሁለቱ ጣቶች አልታጠፍልሽ ሲሉኝ ፋሻውን ጠበቅ አድርጌ ሸፈንኳቸው። የሻምፒዮኑ እህት መባል ጣፍጦኝ ነው። በቤተ ክርስቲያን የፊት ወንበር ይለቀቅልኛል፤ ገበያ ስወጣ ሰው መንገድ ይሰጠኛል። ይህን ማጣት ስላልፈለግኩ የገዛ ወንድሜን ለቡጢ አሳልፌ ልሰጠው ነበር። የሰው እናት ከፖሪሩዋ ድረስ መጥታ በዝናብ የተንበረከከችለትን ልጅ እኔ አንድ ቃል ነፈግኩት። ከቴኡይላ ይልቅ በራሴ ነው የደነገጥኩት።

ሰኞ ፊርማው ቀረ፤ ማላኪ ቀበቶውን መለሰ። ሬዲዮው ፈራ እያለ ያወራል፣ ያውራ። ይህን ደብዳቤ ነገ የምትበረው የፓስተራችን ባለቤት ታደርስልሻለች፤ ማላኪ ራሱ በሚቀጥለው ሐሙስ ሳሌሎሎንጋ ወደብ ይደርሳል።

ለእህቴ ለላንጊ ናፍቆቴን ንገሪልኝ፤ ልጆቿን በየስማቸው ሳሚልኝ፤ የአጎታቸውን ጣቶች አይተው እንዳይስቁ ምከሪያቸው። ለአያቴ አጥንቷን እግዜር ያጽናልኝ በያት። የመንደሩን ሽማግሌዎች እጅ ንሺልኝ፤ የሙዚቃ ባንድ አሰልፈው እንዳይቀበሉት ለምኚያቸው። ለአንቺ ደግሞ የምልክልሽ ልመና ብቻ ነው። ማላኪ የሸሚዙን ቁልፍ በአንድ እጁ መቆለፍ አይችልም፤ አግዙኝ ማለትም ያፍራል። እዚህ እስካለ እኔ እቆልፍለታለሁ። እዚያ ሲደርስ አንቺ ቆልፊለት፤ እሱ እስኪጠይቅሽ አትጠብቂ፣ እማዬ። እኔ ጠብቄ ነው እዚህ የደረስኩት።

ልጅሽ ፉአቲኖ
ማንገሬ፣ ኦክላንድ
ረቡዕ፣ ነሐሴ 7 ቀን