ቆመህ የጠበቅከው ተራ

አባዬ፣ አላህ ይዘንልህ። ከሄድክ ሁለተኛው አረፋ አለፈ። ሰዒድ ልጅህ ዘንድሮም ከመርካቶ መጥቶ ነበር፤ ያንን ያመጣልህን ኮምፒውተር ግን ዞር ብሎ አላየውም። እማዬ በጨርቅ ትሸፍነዋለች፣ እኔ እገልጠዋለሁ።

መናኸሪያው አጠገብ፣ ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ዳማ ስትጫወት ቡታጅራ ውስጥ የሚችልህ አልነበረም። የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል፤ ደንባችሁ ይኸው ነው። ደግሞ አፍህ! ቆርኪውን ጠበቅ አድርገህ እያሳረፍክ የእንሴኖውን ነጋዴ «አውቶቡሱ ሳያመልጥህ ተነስ» ስትለው፣ ሰውየው ስቆ ሳይጨርስ ቆርኪው ይበላል።

ኮምፒውተር ግን አይስቅም፣ አይናደድም። ሰዒድ ዳማ ጭኖ ያመጣልህ ሊያስደስትህ ነበር። እየለከፍከው ተጫወትክ፤ መብራት ሲጠፋ «ፈርቶ ሸሸ» ብለህ አሳቅከን። መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩ አሸነፈህ። ደግሞ አሸነፈህ። ያኔ ከወንበሩ ተነሳህ። ቀልድ መስሎን ነበር። ያሸነፈኝ ተሸንፎ ሳይነሳ እንዴት ልቀመጥ ብለህ በረንዳውንም ተውከው። ጓደኛህ ጋሽ ነስሩ ቤት ድረስ መጥቶ «ተው እንጂ ወንድሜ፣ እሱ እኮ ሰው አይደለም» ብሎ ለመነህ። ሰዒድ የጨዋታውን ደረጃ ዝቅ ላድርግልህ ቢልህ ተቆጣህ። ከወንበሩ ጀርባ ቆመህ፣ እኛ ስንሸነፍ እያየህ ተራህን ጠበቅክ። ተራህ ሳይደርስ ሞት ቀደመ።

አሁንም ኮምፒውተሩን ስከፍት ከጀርባዬ ትመጣለህ። አላይህም፤ ግን እንዳልከልልህ ትከሻዬን ዘንበል አደርጋለሁ። እማዬም ታውቃለች መሰለኝ፣ በወንበሩና በግድግዳው መሀል አታልፍም፤ ዞራ ነው የምትሄደው።

ባለፈው ሳምንት የማትወደውን አደረግኩ። ደረጃውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጌ አሸነፍኩት። አንተ እንድትቀመጥ ብዬ ነው። ወንበሩን ለቅቄልህ ዞር አልኩ። እሱ ግን አልተነሳም፣ አባዬ። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ እንደገና እንድጀምር ጠየቀኝ። ያን ያህል ጊዜ ያቆመህ ነገር፣ የተሸነፈ እንደሚነሳ እንኳ አያውቅም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በቃ፣ አትጠብቀው። ሰው አላሸነፈህም። እኔ እስካለሁ አልረሳህም፤ ልጅ ከወለድኩም ስምህን ሰምቶ ያድጋል። አንተ ብቻ፣ እለምንሃለሁ፣ ተቀመጥ።

ልጅህ ሐያት