በአመድ የታጠበው የአባባ ሬድዮ

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 6 ቀን 1994 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ፣ ዓይንህ ለናፈቀኝ ለባለቤቴ ለአለምነው ማሩ፣ መተማ።

እንዴት ነህ፣ ጤናህስ፣ ወባው እንዴት አረገህ፣ ሰሊጡስ ታጨደ ወይ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ማለቴ አልሞትኩም፣ አባትህ አባባም ደህና ናቸው፣ ላሟም ወልዳለች፣ ወንድ ጥጃ ነው። ከዚህ በላይ ሰላምታ ማብዛት አልቻልኩም። የምጽፍልህ ሬድዮ ከሚሠራው ከአያ ደምሴ ሱቅ ቁጭ ብዬ ነው፣ ወረቀቱንም የሰጠኝ እሱ ነው። ነጋዴው በላይነህ ከሰዓት ወደ መተማ ይወርዳል፣ እሱ ያደርስልሃል። ባለፈው ከዚያ ሲመለስ አየሁት አለኝ፣ ወፍሯል አለኝ። እሰይ።

አለምነው ጉድ ሠርቻለሁ። ያባባን ሬድዮ አጠብኩት።

እንዲህ ነው የሆነው። አባባ ለእግራቸው ብለው ዋንዛዬ ፍል ውሃ ከወረዱ ዛሬ አስራ አራት ቀናቸው ነው፣ ዛሬ ስድስት ሰዓት በሚገባው መኪና ይመጣሉ። ለኅዳር ሚካኤል ማኅበሩ እኛ ቤት ነው፣ ያን ዕለት ሽማግሌዎቹ በኔ ነገር ይቀመጣሉ። ነገሩን ያመጣችው እህትህ እትዬ ጌጤ ናት፣ "ባሏ ሁለት ዓመት ያልመጣ ሴት እዚህ ምን ትሠራለች፣ ወዳባቷ ቤት ትሸኝ" ብላ። አባባ እሺም እምቢም አላሉ፣ "ከዋንዛዬ ስመለስ" ብቻ አሉ። እኔ እንግዲህ ሲመለሱ ቤቱ አምሮ ደስ ካላቸው አይሸኙኝም ብዬ ግድግዳውን ለቀለቅሁ፣ መደቡን ጠረግሁ፣ ከዚያ ሬድዮውን አየሁት፣ አቧራው! ከኋላ ስከፍተው ሆዱ ውስጥ አምስት አምፖል አለው፣ ሁሉም ጠቁሯል። የፋኖስ ብርጭቆ በምን ይጠራል፣ በአመድ አይደል? ነቅዬ ነቅዬ አወጣኋቸው፣ በአመድና በእርጥብ ጨርቅ ፈተግኋቸው፣ እንደ መስታወት ሆኑ፣ ደስ አለኝ ስልህ! መልሼ ልሰካ ስል የትኛው ከየትኛው ቀዳዳ እንደወጣ ጠፋኝ። ሁሉም ስምንት ስምንት እግር አላቸው፣ ሁሉም ሁሉም ጋ ይገባሉ። እንደመሰለኝ ሰክቼ መብራቱ ላይ ባደርገው ድምፅ የለ፣ ጭስ ሸተተኝ፣ ነቅዬው በነጠላዬ ጠቅልዬ እየሮጥኩ እዚህ መጣሁ።

አያ ደምሴን ታውቀው የለ፣ አፉ ክፉ ነው፣ እጁ ግን ወርቅ ነው። ገልብጦ ገልብጦ አየና "ስሙ ማነው?" አለኝ።

"ፈንታነሽ" አልኩት።

"ያንቺን ማን ጠየቀሽ፣ የሬድዮውን!"

ለካ ሬድዮ ስም አለው። ያባባ ግን የለውም። ሳጥኑን እዚሁ አገር አናጢ ነው የሠራው አለ፣ ሆዱን ደግሞ ማን እንደሠራው አይታወቅም፣ የፋብሪካ ጽሑፍ የለ፣ ወረቀት የለ። "ስም የሌለው ሬድዮ በአምፖሎቹ ቁጥር ነው የሚታወቀው፣ ቁጥሩ መስታወቱ ላይ ይታተማል፣ አንቺ እሱን ነው ፈትገሽ ያወረድሽው! እመቤት፣ የቀረሽ ቅቤ መቀባት ነበር።" አለቀስኩ። "አታልቅሺ፣ ሱቄን ጎርፍ ታስገቢብኛለሽ" አለኝ።

ከዚያ አንዱን አምፖል አነሳና አፉን ከፍቶ "ሃ" ብሎ ተነፈሰበት። እመነኝ አለምነው፣ ጉሙ ላይ ቁጥሩ ብቅ አለ! ቀለሙ ቢለቅም ጠባሳው መስታወቱ ላይ ይቀራል አለኝ። ግን ወዲያው ይጠፋል፣ የሱ ዓይን ደግሞ አይደርስበትም፣ "እኔ ልተንፍስ፣ አንቺ እይ" አለኝ። ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ አየሁ። ቁጥሩን አውቀዋለሁ፣ የፈረንጁን ፊደል ግን እንደ ሥዕል ነው የሳልኩት፣ አንዱ እንደ መሰላል፣ አንዱ እንደ ማጭድ። በዚህ ወረቀት ጥግ ያለው እሱ ነው፣ ክታብ እንዳይመስልህ።

የሦስቱ ቁጥር ወጣ። "ይቺ መብራቱን የምትቀበል ናት፣ ይቺ ድምፅ የምታወጣ ናት" እያለ ሽቦውን በካቻቢቴ ጫፍ እየተከተለ በየቦታቸው ሰካቸው። የጨሰውንም፣ ባቄላ የሚያክል ነገር ነው፣ ከሞተ ሬድዮ ሌላ ነቅሎ በየደለት። ሁለቱ ግን እምቢ አሉ። ብንተነፍስ ብንተነፍስ ምንም። አንዷማ ጥቁሯ ናት፣ አልጠራ ስትለኝ አብዝቼ የፈተግኋት እሷን ነው፣ ለካ ጥቁረቱ ከውስጥ ኖሯል።

"ሁለት አምፖል፣ ሁለት ቀዳዳ" አለ አያ ደምሴ። "ልሞክረው? ከተሳሳትን ግን ትቃጠላለች፣ መተኪያዋ እንኳን እዚህ ጎንደርም የለ።"

ሞክረው ልለው ነበር፣ ከሠራ አባባ ሳያውቁ ቦታው አስቀምጠዋለሁ፣ ማንም አይሰማ። ከዚያ አፌ ሌላ ተናገረ። "ተው፣ የሳቸው ነው፣ ሄጄ ልንገራቸው" አልኩት።

"ያባረሩሽ እንደሁስ?"

"ያባርሩኝ።"

ይሄን ያልኩት አፌ ነው እንጂ እግሬ አልተነሳም፣ ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልህ። አለምነው ናልኝ። ደብዳቤው እንደደረሰህ ተሳፈር፣ ለማኅበሩ ድረስልኝ፣ ምንም አትናገር፣ ብቻ አጠገቤ ቁም፣ አንተን ሲያዩ እኮ ማንም ሂጂ አይለኝም፣ ባል አላት ይላሉ፣ ወዳባቴ ቤት በምን ፊቴ እመለሳለሁ፣ ቆይ፣ የእትዬ ጌጤን ድምፅ ሰማሁ፣ መጡ መሰለኝ

በላይነህ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ቶሎ ልጨርስ። እትዬ ጌጤ ጠዋት ሳጥብም ስሮጥም አይታኝ ኖሮ፣ መናኸሪያ ድረስ ሄዳ ቀድማኝ ነግራቸዋለች። እየጮኸች ነው የገባችው፣ "ይኸው! ቤትዎን ፈታትታ ገበያ አወጣችልዎ!" አባባ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

"ተነሺ። አጠበችው አሉኝ?"

"አዎ አባባ።"

"በምን?"

"በ... በአመድ።"

ከዚያ ሳቅ ያዛቸው፣ ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ። "እኔ ዋንዛዬ ስጠመቅ ሰንብቼ፣ አንቺ እዚህ ሬድዮ ታጠምቂያለሽ?" አያ ደምሴም ሳቀ። እትዬ ጌጤ ብቻ አልሳቀችም።

አያ ደምሴ ሁለቱን አምፖሎች አሳያቸው። አባባ አላመነቱም። "ጥቁሯ ከዳር ናት" አሉ። "ሠላሳ ዓመት በኋላው ቀዳዳ አያታለሁ፣ እሷ ስትግል ነው ወሬው የሚጀምር።" ይኸው ነው። ሳልፈራ ብጠይቃቸው ኖሮ! ሰካት። መጀመሪያ እንደ ንብ እምም አለ፣ ከዚያ ዓረብኛ፣ ከዚያ አማርኛ መጣ፣ ሰው ሲናገር።

አባባ እትዬ ጌጤን ወደ ቤትሽ ሂጂ አሏት። ከዚያ አያ ደምሴ እንዳይሰማ ሬድዮውን ከፍ አረጉና በጆሮዬ ነገሩኝ። ዋንዛዬ ላይ ከመተማ የመጣ ሰው አግኝተዋል። ሰውየው አንተ እዚህ ሚስት እንዳለህ አያውቅም፣ "የአለምነው አባት ነዎት? እንኳን ደስ አለዎ፣ ለፋሲካ ወንድ ልጅ ወለደ እኮ!" ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። "ምን ልበል ልጄ፣ አሜን አልኩ" አሉኝ። ቀና ብለው አላዩኝም። "ሽማግሌዎቹ ለሚካኤል ይቀመጣሉ፣ የሚቀመጡት ግን በሱ ነው፣ ባንቺ አይደለም። አንቺ ከቤቴ የምትወጪ፣ ራስሽ ልውጣ ያልሽ ዕለት ነው።"

የላይኛውን አልቀደድኩትም። ሳላውቅ የጻፍኩት ነው፣ እንዳለ አንብበው። ናልኝ ያልኩትን ግን ተወው። አባትህ ከጠሩህ ለሳቸው ና፣ ለኔ ብለህ አትምጣ። አሁን አላለቀስኩም፣ ጠዋት እንባዬን ጨርሼው ነው መሰለኝ።

አንድ ነገር ብቻ። አባባ ሲጸልዩ ሁላችንንም በክርስትና ስማችን እየጠሩ ነው። የሕፃኑን አያውቁትም፣ ሰውየውንም አልጠየቁትም፣ አንተንም አይጠይቁህም። ጻፍላቸው።

ሕፃኑን የቆላው ወባ አይንካብኝ፣ የእናቱን ጡት ይባርክለት፣ ለአያቱ ዓይን ያብቃው።

ፈንታነሽ፣
ከአባባ ማሩ ቤት