የውቢት እግር ለምን እንደ ተነሣ ለፋብሪካዋ ሥራ አስኪያጅ የቀረበ ማብራሪያ

ቡታጅራ፣ ጥር 1964 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ያረጋል ገብረወልድ
የ«ፍሥሐ ሕፃናት» አሻንጉሊት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር በአክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይም እጆችዎ፣ ደስ ያላቸውን ሁሉ ከሰው ፊት የሚያነሡት እነዚያ ፈጣን እጆችዎ፣ ምንም ሕመም እንዳልነካቸው ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በቡታጅራ ያለነው፣ የገበያ ዘበኞች ከወሰዱብን በስተቀር፣ ምንም የጎደለብን ነገር የለም።

ምናልባት ረስተውኝ እንደ ሆነ፣ እኔ የእጅ ሥራ አስተማሪዋ ዘርፈሽዋል ደበሌ ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት በወልቂጤ የእጅ ሥራ ትርኢት ላይ አሻንጉሊቶቼን ደርድሬ ሳለሁ ጎንበስ ብለው ተመለከቱና «ልጄ፣ ይህ ነገር በገጠር ተደብቆ መቅረት የለበትም» ብለው፣ ለናሙና የሚሆኑትን መርጠው ይዘው ሄዱ። ቃልዎን ስለ ጠበቁ አመሰግናለሁ፤ በእርግጥም ተደብቆ አልቀረም።

ባለፈው የገበያ ቀን ግን ዘበኞች መጥተው ቅርጫቴን ከነአሻንጉሊቶቹ ወሰዱ። የእርስዎን ፋብሪካ አቤቱታ ጠቅሰው፣ «ውቢት» የተባለችውን አሻንጉሊትዎን አስመስዬ እንደምሠራና ብደግመው እንደምከሰስ ነገሩኝ። ስለዚህ ጊዜዎን ሳላባክን የሚከተሉትን ነጥቦች ላቀርብልዎ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ታሪኳ። በካርቶኗ ላይ «በባለሙያዎቻችን የረጅም ጊዜ ጥናት የተፈጠረች» ተብሎ ተጽፏል። የእኔ ጥናት እንኳ አጭር ነበር። የጎረቤቴ የወይዘሮ ከድጄ ልጅ ጠይባ፣ አጎቷ ከአዲስ አበባ ያመጣላትን ቢጫ ጸጉር ያላት አሻንጉሊት ጥግ ላይ ጥላ አየኋትና ምክንያቱን ብጠይቃት፣ «ምንም ሥራ አታውቅም» አለችኝ። እኔም በቀርከሃ ስንጣሪ ላይ ቃጫ ጠምጥሜ፣ ፊቷን በአቡጀዲ አልብሼ፣ እንሰት የምትፍቅ ሴት ሠራሁላት። ከእርሷ በኋላ ወደ እንሴኖ ገበያ ማሰሮ ተሸክማ የምትሄደዋ መጣች፤ ቀጥሎም በበቅሎ የተቀመጠው ሙሽራ። ልጆቹ ሁሉንም በአንድ ላይ «እነ ጠይባ» ይሏቸዋል። ባለሙያዎቼም እነዚሁ ልጆች ነበሩ፤ ማሰሮዋ ካዘመመች ወይም የሙሽራው እግር ካጠረ «ይኼ አልሆነም» ብለው ይመልሱልኛል እንጂ እንደ እርስዎ ባለሙያዎች ዝም አይሉም።

ሁለተኛ፣ ስለ ቅርጿ። እዚህ ላይ ልረዳዎ እችል ይመስለኛል። ከወሰዷቸው መካከል የእንሰት ፋቂዋን ቃጫ በፕላስቲክ ለወጡት፤ ይሁን። ከፊቷ ሳንቃውን፣ ከእጇም የቀርከሃ መፋቂያውን አነሡ። እግሯን ግን እንደ ተነሣ ተዉት። የተነሣ እግር ደግሞ ምክንያት ስለሚያስፈልገው «የጉራጌ ተወዛዋዥ» ብለው ጻፉበት። ክቡር ሆይ፣ እናቶቻችን እንሰት ሲፍቁ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ሳንቃውን ከፊታቸው አዘንብለው፣ የእንሰቱን ቅርፊት በላዩ ያጋድሙና እንዳይንሸራተት እግራቸውን አንሥተው የላይኛውን ጫፍ በተረከዛቸው ይጫኑታል። እግሩ የተነሣው ለሥራ ነው። ወይዘሮ ከድጄ ውቢትን በሱቅ አግኝታ፣ አገላብጣ ካየቻት በኋላ፣ «ምስኪን! ሳንቃዋን ማን ነጠቃት?» አለች። ባለሱቁ አቶ ጀማሉ «ኧረ እትዬ ከድጄ፣ እየጨፈረች ነው አሉ» ቢላት፣ «ተቀምጣ? እንግዲያ በመቀመጫዋ ነዋ የምትጨፍረው!» ብላ ሱቁን በሳቅ ሞላችው። እኔ እንደ እርሷ መሳቅ አልቻልኩም።

ሦስተኛ፣ ስለ ማስመሰል። እናት ልጇን መሰለች ተብላ ስትከሰስ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። በዚህ አዲስ ሐሳብዎ አገራችን እንድትኮራ እመኛለሁ።

አራተኛውን ነጥብ በጨዋ ቋንቋ ለመጻፍ ብዙ ሞከርኩ። ከትምህርት በኋላ አብረውኝ ቃጫ የሚያበጥሩና የሚጠመጥሙ ሴቶች ልጆች አሉ። ቅርጫቱ የተወሰደ ዕለት እነርሱም ከጎኔ ነበሩ፤ ዘበኞቹ ሲሄዱ ከመካከላቸው አንዷ «እትዬ ዘርፌ፣ ሌቦች ነን እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አቶ ያረጋል፣ ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ማን ነው? ጠያቂዋ ሥራውን በገዛ እጇ ተምራ ገና ልትኮራበት የጀመረች ልጅ ነች። እኔ «አይደለንም» አልኳት። ቃል ብቻውን እንደማይበቃት ግን ከዓይኗ አየሁ።

ስለዚህ በሚመጣው የገበያ ቀን፣ በዚያው ቦታ፣ አዲስ ቅርጫት ይዘን ከልጆቹ ጋር እንደምንቀመጥ በታላቅ ትሕትና አሳውቃለሁ። ዘበኛ ቢልኩ በሰላም እንቀበለዋለን፤ የወሰደውን ግን ሁሉ እንደ ገና እንሠራዋለን። ቢከሱኝም ቀጠሮው የት እንደሆነ ይንገሩኝ እንጂ በእግሬ እመጣለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእነዚያ ባለሙያዎችዎ አንዱን ይዘው ይምጡና ያቺ ሴት እግሯን ለምን እንዳነሣች ለዳኛው ያስረዳ። እኔ እንሰትና ሳንቃ ይዤ እቀርባለሁ፤ ልጆቹም ምስክሮች ብቻ ሳይሆኑ ባለቤቶች ሆነው ይቆማሉ።

ሳትቀጠር የፋብሪካዎ ባለሙያ፣ ሳትሾም የጥናት ክፍልዎ ኃላፊ፣ ሳትሰርቅ ሌባ የተባለች፣ ከክቡርነትዎ ፊት እጅግ ዝቅ ብላ ሰላምታ የምታቀርብ፣ ከገበያው ግን ንቅንቅ የማትል፤

ዘርፈሽዋል ደበሌ

ማስታወሻ፦ የውቢት የተነሣ እግር ሳምንት ሳይሞላው ከጉልበቱ ይሰበራል። የከተማው ልጆች እያለቀሱ ወደ እኔ ያመጧታል፤ እኔም በቃጫ አስሬ እመልስላቸዋለሁ። መጠገንም ማስመሰል ከሆነ እባክዎ ቶሎ ያስታውቁኝ። እስከዚያው ግን ቡታጅራ ውስጥ እግሯ ደኅና የሆነ ውቢት ካዩ፣ እኔ ዘንድ ታክማ የዳነች መሆኗን ይወቁልኝ።